እንቅልፍ በአራራይ

መስከረም 26 ቀን 2018፣ ሰኞ

አባዬ፦ ሌሊት በስድስት ሰዓት ተነሡ። በስምንት ተነሡ። በአሥር ተነሡ። ጎሕ ሲቀድ ተኙ።

ይህን ደብተር የገዛሁት ለዚህች መስመር ብቻ ነው። ፊልጶስ የሚባል የአእምሮ ጤና ባለሙያ፣ "አባትሽ በስንት ሰዓት እንደሚነሡ በየቀኑ መዝግቢልኝ" አለኝ፤ መዘገብሁ። ከሥሩ የቀረው ባዶ ገጽ ግን አሳዘነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቁራጭ ጨርቅ መጣል አይሆንልኝም። ስለዚህ በተረፈው ላይ የልቤን እጽፍበታለሁ።

አባዬ መሪጌታ ገብረ መድኅን ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። እዚህ መካነ ኢየሱስ ከተማ አምሳ ዓመት ማኅሌት ቆመዋል። አሁን አሁን ምሳ መብላታቸውን ይረሳሉ፤ እናቴ መሞቷንም አንዳንድ ቀን ይረሳሉ። የማኅሌት ሰዓት ግን ዝንፍ አይልባቸውም። ሌሊት ብድግ ብለው መቋሚያቸውን ይጨብጡና "ቀረሁ እኮ፣ ደወሉ ተደወለ" እያሉ በሩን ይታገሉታል። አልተደወለም። ዛሬ ደግሞ የጽጌ ወር ገባ። እስከ ኅዳር 6፣ እስከ ቁስቋም ድረስ ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ስለሚቆም፣ ደወሉ የምር ሊደወል ነው። እኔ ፍራሼን በሩ ሥር አንጥፌ እንደ ዘበኛ እተኛለሁ። መተኛት ካሉት።

ወንድሜ ዋሴ ከባሕር ዳር ደውሎ ነበር። "ሐምሌ ላይ ወድቀው እግዜር አተረፋቸው። ደግመው ከወደቁ አለቀ። እስከ ቁስቋም ሌሊት መተኛት ካልጀመሩ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ" አለኝ። የሚኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባዬ የሚያውቁት ሰው፣ የሚዳብሱት አጥር፣ የሚሳለሙት በር በሌለበት አገር አንድ ወር አይቆዩም። ይህን ለዋሴ አልነገርሁትም። "ግድ የለም፣ ይተኛሉ" አልሁና ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰሞኑን ሳቅ ይቀናኛል።

መስከረም 28፣ ረቡዕ

አባዬ፦ በስድስት፣ በስምንት፣ በዘጠኝ ተኩል።

ፊልጶስ ዛሬ ቤት መጣ። ሥራው ሂፕኖቴራፒ ይባላል። ጎረቤታችን እትዬ አሰለፈች ስሙን ሦስት ጊዜ ሞክረው ሲያቅታቸው "አስተኝው" አሉት፤ በዚያው ጸደቀ። "ደግሞ አፍዝ አደንግዝ እንዳይሆን" ብለው መቀነታቸውን ከነቋጠሮው ጨምድደው በር ላይ ቆሙ። ፊልጶስ አልተቆጣም። "እማማ፣ አፍዝ አደንግዝ ሰውን ያለ ፈቃዱ ያደነዝዛል ነው የሚባለው። ይኼ በፈቃድ ነው። እኔ በቃል መንገዱን አሳያለሁ፤ ወደ ዕረፍቱ የሚገቡት ራሳቸው ናቸው። አልገባም ካሉ ማንም አያስገባቸውም" አላቸው። እትዬ አሰለፈች መቀነታቸውን በጥቂቱ ላላ አደረጉ።

አባዬን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ዓይናቸውን አስጨፍኖ፣ ከሥልጠና ያመጣውን ቃል ጀመረ።

"የኔታ፣ አሁን ባሕር ዳርቻ ላይ ነዎት።"

"ዋሴ ዘንድ?" አሉ አባዬ ደንግጠው።

"አይ፣ ከተማውን አይደለም። ዝም ብሎ ባሕር። ማዕበሉ ይመጣል፣ ይሄዳል…"

"ማዕበል አለው?"

"ቀስ ያለ ነው፣ የኔታ።"

"ማስተዋል፣ ኧረ ያዥኝ፤ ዋና አላውቅም" ብለው የወንበሩን እጀታ ጨበጡ።

ጓዳ ገብቼ አፌን በጨርቅ ይዤ ሳቅሁ፤ ሆዴን እስኪያመኝ። ስመለስ ፊልጶስም ከንፈሩን ነክሷል። ሲወጣ "እኔ የመጣሁት ለሁለት ሰው ነው" አለኝ። ሁለተኛው ዋሴ ይመስለኛል። እውነትም ዋሴ ትንሽ ረጋ ቢል ጥሩ ነው።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

አባዬ፦ አልተኙም። ደወል።

ቸኩያለሁ። የደንበኛዬ የማንጠግቦሽ ቀሚስ አልደረሰም። ሻይ ውስጥ ጨው ጨመርሁ። አባዬ ጠጡት። "ዛሬስ ጣመኝ" አሉኝ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

አባዬ፦ በስድስት፣ በስምንት፣ በአሥር።

ዛሬ ፊልጶስ ባሕሩን ትቶ መጣ። አባዬን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከጥዱ ሥር አስቀመጣቸው፤ በቃል ነው እንግዲህ። "ትንፋሽዎ ይረጋል… ትከሻዎ ይላላል…" ሲል አባዬ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ እጃቸውን አነሡ።

"ቁም። ዜማህ ተበላሽቷል።"

"ዜማ የለውም የኔታ፣ ንግግር ነው።"

"የሚናገር ሁሉ ያዜማል፤ አያውቀውም እንጂ። አንተ የያዝኸው ግዕዙን ነው። ግዕዝ ደረቅ ነው፤ የተኛ ያስነሣል እንጂ የነቃ አያስተኛም። ወደ አራራይ አዙረው።"

አራራይ ከሦስቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች አንጀት የሚያላውሰው ነው። ፊልጶስ ዩኒቨርሲቲ ይህን አልተማረም። አባዬ አንድ ሰዓት ሙሉ አስጠኑት። "ይላላል" የምትለዋን ቃል ሰባት ጊዜ አስመለሱት፤ "'ላ' ላይ ቆየት በል እንጂ፤ ላም ጠፍታብሃለች እንዴ?" አሉት። ከአሥር ወደ አንድ መቁጠር ሲጀምር ደግሞ አስቆሙት። "ቁልቁል የሚቆጠረው የእኔ ዕድሜ ነው። አንተ ሽቅብ ቁጠርልኝ።" ምሳቸውን የሚረሱት ሰውዬ ዛሬ አንዲት ነገር አልሳቱም። ደስታዬን መደበቂያ አጣሁ። ግድግዳውን ተደግፌ ሲያጠኑ እየሰማሁ ዓይኔን ለአንድ ደቂቃ ጨፈን አደረግሁ።

ስገልጠው መሽቷል። ፊልጶስ የለም። የአባዬ ጋቢ እኔ ላይ ነው። ሳይሰናበተኝ መሄዱ ደግ አይደለም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

አባዬ፦ በስድስት፣ በሰባት፣ በዘጠኝ።

እትዬ አሰለፈች ፊልጶስን መንገድ ላይ ይዘው፣ "ዶሮዬ እንቁላሏን አልታቀፍ ብላ ትዞራለች፤ አንድ ጊዜ ብቅ ብለህ አስተኛልኝ" አሉት። እሱም "ዜማው የየኔታ ነው፣ እሳቸውን ይለምኑ" ብሎ አሳለፈው። አባዬ መቋሚያቸውን ይዘው፣ እኔ ክንዳቸውን ይዤ ሄድን። ዶሮዋ ፊት ተቀምጠው በአራራይ "ክንፍሽ ይላላል" አሏት። ታቀፈች። በእርግጥ እትዬ አሰለፈች እንቅብ ደፍተውባት ነበር። ቢሆንም ሰፈሩ ምስክርነቱን የሰጠው ለአባዬ ነው።

ከእንቅቡ አጠገብ ጭራሮው ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። እትዬ አሰለፈች ትከሻዬን ሲነቀንቁኝ "ተኝተሽ ነው?" አሉኝ። እያሰብሁ ነበር።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

አባዬ፦ በስድስት፣ በስምንት፣ በአሥር። ግን ሲነሡ አልጮኹም። ይህንንም ጻፊ ብሎኛል።

ፊልጶስ "አንቺስ?" አለኝ።

"እኔ ምን?"

"እንቅልፍ።"

"እኔ አልታመምሁ" አልሁት። ደብተሩን አሳይኝ አለ፤ ሰዓቱን ብቻ አነበብሁለት።

ከዚያ ነገር አመጣ። አባዬ ያስተማሯቸው ቀኝ ጌታ ፍሬው፣ አሁን ማኅሌቱን የሚመሩት፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በየተራ ሌሊት አባዬ ዘንድ ሊያድሩ ጠይቀውታል። እኔን ፈርተው በሱ በኩል ላኩ። "ተንከባካቢ ሲወድቅ ታማሚውም አብሮ ይወድቃል" ይለኛል ፊልጶስ። አልወደቅሁም። እናቴ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ "አባትሽን አደራ" ያለችው እኔን ነው። ፍሬውን አላለችም፤ ዋሴን እንኳ አላለችም። አደራ በተራ ይጠበቃል እንዴ? "እግዜር ይስጣቸው በልልኝ" አልሁት።

ከዚያ አራራዩን ጀመረ። ጥሩ ይዞታል። የሰማሁት እስከ "ትከሻዎ" ድረስ ነው።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

አባዬ፦ በስድስት፣ በስምንት፣ በአሥር።

ማንጠግቦሽ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። አንድ እጇን አስገባች። ሌላውን አስገባች። ጭንቅላቷ ግን መውጫ አጣ። አንገቱን ጥርቅም አድርጌ ሰፍቸዋለሁ። በድርብ ስፌት።

"ማስተዋል፣ በሩ በየት ነው?" አለች ከውስጥ።

ሳቄን ባየሽ፣ አንች ደብተር። ወለል ላይ ተቀመጥሁ። ማንጠግቦሽም ከውስጥ ሆና ሳቀች፤ ቀሚሱ እንዳለ ተንቀጠቀጠ። በመቀስ አወጣኋት። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ለእትዬ አሰለፈች ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ሳቋ አላማረኝም። ድሮ እንዲህ አልነበረችም" ስትላቸው ሰማሁ። ድሮማ አንገት የሌለው ቀሚስ ሰፍቼ አላውቅም፤ በምን ልሳቅ?

ጥቅምት 16፣ እሑድ

አባዬ፦ እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ትናንት ማታ አንድ ብልሃት አሰብሁ። ድርብ ክር ወስጄ አንዱን ጫፍ ከአባዬ የእግር ጣት፣ ሌላውን ከእጄ አሰርሁት። ሲነሡ ይስበኛል፣ እነቃለሁ። በራሴ ኮርቼ ተጋደምሁ።

ጧት ክሩ እጄ ላይ ነው። ሌላው ጫፍ ከአልጋው እግር ጋር ታስሯል፤ በደንብ፣ በማይፈታ ቋጠሮ። አባዬ የሉም። ተራምደውኝ ነው የሄዱት።

ያለ ነጠላ፣ ባዶ እግሬን ሮጥሁ። ማኅሌቱ አልቆ ሰው ከግቢው ሲወጣ አገኘኋቸው፤ ቀኝ ጌታ ፍሬው ክንዳቸውን ይዘዋቸዋል። ፊታቸው በርቷል። "ልጄን እንዳልቀሰቅሳት ተጠንቅቄ ነው የወጣሁት" ይሏቸዋል አባዬ ለፍሬው። እኔን ሲያዩ "ማስተዋል፣ አደርሽ?" አሉኝ።

ያን ሁሉ ድንጋይ፣ ያን ቦይ በጨለማ ብቻቸውን አለፉት። ቢወድቁስ? እኔ እንደ ግንድ ተጋድሜ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ? ደግሞ ያንን ቋጠሮ ሳስበው ሳቄ ይመጣል። በዚያ በደከመ ዓይን፣ በዚያ ጨለማ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

አባዬ፦ በስድስት፣ በስምንት፣ በዘጠኝ።

መርፌው በጣቴ በኩል አለፈ። የስፌት መኪናው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ትንሽ ነገር ናት። ፊልጶስ አጠበልኝና አሸገልኝ።

በአራራዩ መሀል፣ እንደ ሕልም፣ አባዬ ዝቅ ባለ ድምፅ "በርታ፤ ዛሬ ቶሎ ያዛት" ሲሉት ሰማሁ። ስለ እትዬ አሰለፈች ዶሮ ይሆናል።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

አባዬ፦ በስድስት፣ በስምንት፣ በአሥር።

ዋሴ ደወለ። "ይተኛሉ?" አለ። "ድብን ብለው" አልሁት። ውሸት። አባዬ በሌሊት ብቻቸውን የወጡበትን ወሬ ሰምቶ ቢሆንስ? ቁስቋም አሥራ ሁለት ቀን ቀራት። ለምን አይተኙልኝም? ለምን እኔ እንደ ሌላ ሰው ልጅ ጠንካራ አልሆንሁም? ማታ በአባዬ ላይ ጮህሁ። "ተቀመጡ" አልኋቸው፤ እንደ ተማሪ። ተቀመጡ። ከዚያ "ምን አጠፋሁ?" አሉኝ።

ይህችን ገጽ ቀድጄ ልጥላት አስቤ ነበር። ትቆይ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

አባዬ፦ በስድስት፣ በዘጠኝ።

ፊልጶስን ያዝሁትና ቁርጡን ጠየቅሁት። "ከቁስቋም በፊት ይተኛሉ ወይስ አይተኙም?"

"አልዋሽሽም" አለኝ። "በዚህ ሥራ የጠፋ ትዝታ አይመለስም። ፍርሃት ግን ይቀንሳል፤ ቀንሷል። በፊት ሲነሡ እየደነገጡ፣ በር እየታገሉ ነበር። አሁን ተረጋግተው ነው የሚነሡት። የአምሳ ዓመት ልማዳቸውን እኔ ላጠፋው አልችልም፤ ብችልም ደስ አይለኝም። ሰውዬው ማኅሌት መሄድ ነው የሚፈልጉት። የሚያስፈልጋቸው ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው ነው። አንቺን የሚያስፈልግሽ ደግሞ…"

"ስለ እኔ ማን ጠየቀህ?"

"የኔታ" አለ።

ተናደድሁ። ከዚያ ሳቅሁ። ከዚያ የለካሁትን ጨርቅ ረስቼ እንደገና ለካሁ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

አባዬ፦ በስድስት፣ በስምንት።

ዋሴ ዓርብ ይመጣል። መኪና ተከራይቷል። የአባዬን ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። እርጥቡን መልሼ ሻንጣ ውስጥ ከተትሁት። አወጣሁት። አልሄዱም ገና።

ኅዳር 5፣ ዓርብ፣ ማታ

ዋሴ ከቀትር በኋላ ደረሰ። አባዬን ሳመ፣ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ገና ሳይቀመጥ "እሺ፣ ይተኛሉ ወይስ?" አለ። ፊልጶስም እንዲያስረዳልኝ ጠርቼው ነበር። እኔ ግን የሚያስረዳ ማስረጃ በእጄ አለኝ ብዬ ደብተሩን አመጣሁ። በታችኛው ጽሑፍ ላይ መዳፌን ከድኜ፣ የሰዓቱን መስመር ብቻ ገጽ በገጽ ገለጥሁለት። መሻሻላቸውን ይይ ብዬ ነው፤ ከሦስት ወደ ሁለት ወርዷልና።

"በስድስት፣ በስምንት፣ በአሥር" እያለ አነበበ። ገለጥሁ። "በስድስት፣ በሰባት፣ በዘጠኝ።" ገለጥሁ። አነበበ። ድምፁ እየቀዘቀዘ መጣ። መሀል ላይ አቆመና ቀና ብሎ አየኝ።

"ይህን ሁሉ የጻፈው ማን ነው?"

"እኔ ነኛ።"

"ስድስቱንም፣ ስምንቱንም፣ አሥሩንም?"

"አዎ።"

"አንችሳ መቼ ተኛሽ?"

መልስ ፈለግሁ። ባለፉት አርባ ቀናት ውስጥ ፈለግሁ። ሳቅ መጣልኝ፤ ሳቅሁ። መሀል ላይ ሳቁ መንገድ ሳተና ወደ ልቅሶ ገባ። ዋሴ ደነገጠ። ሰው እየሳቀ ሲያለቅስ አይቶ የማያውቅ ይመስል፣ ወይም እህቱን ካየ የቆየ።

አባዬ ተነሥተው በመቋሚያቸው ወለሉን አንድ ጊዜ መቱ፤ ተማሪ ዝም ሲያሰኙ እንዲያ ነበር የሚያደርጉት።

"ዋሴ፣ የታመመ ልትወስድ ከመጣህ እሷን ውሰድ። እኔ በማኅሌት ሰዓት የምነቃ ደብተራ ነኝ፤ በሽታዬ ይኸው ነው። እሷ ለምን ትነቃለች? ይህን ልጅ አራራይ ያስጠናሁት ለእኔ መሰላችሁ? የእሷን እስትንፋስ ማታ ማታ እሰማዋለሁ። እንደ ተባረረ ሰው ነው የምትተነፍስ። ደጋግሜ ልነግራት አስባለሁ፤ ከዚያ እረሳዋለሁ። አንተ እንዳትረሳ ብዬ ለሱ ነገርሁት" አሉና ወደ ፊልጶስ ጠቆሙ።

"እናቴ አደራ ያለችኝ እኔን ነው" አልሁ።

"አደራ አለችሽ። ብቻሽን ግን አላለችሽም" አሉ። ከዚያ "የት ሄደች እናትሽ?" አሉኝ።

ዋሴ እጃቸውን ያዘ። ዛሬ ሌሊት የቁስቋም ማኅሌት ነው፤ እሱ ራሱ ይዟቸው ሊሄድ ነው። መኪናዋን መልሷታል። ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ሊቆይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀኝ ጌታ ፍሬው፣ በሌላው ሌሊት ባልደረቦቻቸው በተራ፣ እሱም በወር አንድ ጊዜ። አባዬ የትም አይሄዱም። እኔ ዛሬ እትዬ አሰለፈች ዘንድ አድራለሁ። ፊልጶስ "ላስተኛሽ?" አለኝ፤ "ደፍረህ ሞክር" አልሁት። ደክሞኛል። ይኸው ጻፍሁት። በጣም ደክሞኛል።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ቁስቋም

አባዬ፦

ጧት ነው ብዬ ስወጣ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዞራለች። እትዬ አሰለፈች ሁለት ጊዜ በአፍንጫዬ ላይ መዳፋቸውን አድርገው መተንፈሴን አይተዋል። ፊቴ ላይ የሰሌኑ ምልክት አለ። ርቦኛል፤ እንዲህ ርቦኝ አያውቅም።

ፊልጶስ በሩ ላይ መጣ። እንደ ሁልጊዜው፣ ገና ሳይቀመጥ፣ "የኔታ እንዴት አደሩ? በስንት ተነሡ?" አለኝ።

"እንጃ" አልሁት። "ተኝቼ ነበር።"